ስለ ኤርሊን የሰጠሁት ምስክርነት

ለእታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሰው ቤት ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ትውያለሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የሰሞኑ ሙቀት ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል፤ ዶሮዎቹ እንኳ ከቤቱ ሥር አንወጣም ብለዋል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሳልመልስልሽ የቆየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ምን ሥራ አለኝ? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

የከተማው ትምህርት ቤት ቦርድ ኤርሊንን ከነጮቹ ልጆች ጋር አላስተምርም ማለቱን ጽፈሽልኛል። ምክንያታቸውም የገዛ አስተማሪዋ «በሒሳብ ደካማ ናት፣ ሲያርሟትም ታለቅሳለች» ብላ ጽፋለች የሚል ነው። ጠበቃችሁ ደግሞ ወረቀቱ የተጭበረበረ ነው፣ ከእኛ ከጥቁሮቹ ወገን እንዲህ ብሎ የሚጽፍ አስተማሪ አይገኝም ብሎ በሚመጣው ሐሙስ ዳኛ ፊት ሊቆም ነው።

ወረቀቱ አልተጭበረበረም፣ እታለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደብዳቤውን ወርውረሽዋል፤ አውቅሻለሁ። ስታነሺው ቀጥዪ።

ከተማ ወርደሽ በምግብ አብሳይነት ስትቀጠሪ ኤርሊንን የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ሰጠሽኝ። ስምንት ዓመት ጸጉሯን የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኳት፣ የስኳር ድንች ኬክ እየቆረስኩ ክፍልፋይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንቺ ገና ሲመጣ አዲስ ጫማ ይዘሽ ከአውቶቡስ ትወርጃለሽ፣ እሷም አንገትሽ ላይ ትጠመጠማለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ድስት አማስላለሁ። ቀንቼብሻለሁ፤ ይኸው አልኩት።

ያም ሆኖ ከተማ ወስደሽ ነጮቹ ትምህርት ቤት ልታስገቢያት ነው ሲባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉም ጋር አብሬ አሜን ብያለሁ። ከልቤም ነበር። ያበላሸችኝ ሌላ ሴት ናት።

ነጮቹ የጣሏቸው መጻሕፍት ወደ እኛ እንደሚመጡ ታውቂያለሽ። ለእኛ የሚደርሱት የሒሳብ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሚስ ፕሩይት» የሚል የአስተማሪያቸው ማኅተም አለ። ከሥሩ የነጮቹ ልጆች ስም ተሰልፎ ሞልቶታል፤ ለእኛዎቹ አንዲት መስመር አልተረፈችም። ስለዚህ በየዓመቱ የዱቄት ማጣበቂያ አፍልቼ ነጭ ወረቀት እለጥፍበታለሁ፤ ልጆቼም እዚያ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። ማኅተሙ ግን ምን ብለጥፍበት ዘልቆ ይታያል።

ታዲያ አንድ ቀን ራት ላይ ኤርሊን ከከተማው ትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት ስታነብ ቆይታ ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ሚስ ፕሩይት እኮ እዚያ ናት! እውነተኛ ሒሳብ ልማር ነው።»

እውነተኛ! የእኔው ምን ነበር? ሳምንቱን ሙሉ ወሬዋ ሚስ ፕሩይት ብቻ ሆነ። ቁጡ ናት ወይ? ክፍሏ ውስጥ የውሃ ቧንቧ አለ ወይ? ሴትዮዋ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ የጻፈችውን ቀይ ጽሕፈት ሁሉ በጣቷ ትከተለው ጀመር። ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት የዚያችን ሴት ትራፊ ስቀበል ኖሬ፣ እሷ ደግሞ በተራዋ ከእኔ ዘንድ ምርጧን ልትወስድ! አንድ ቀን ሰው ኤርሊንን ማን አስተማረሽ ቢላት የማንን ስም እንደምትጠራ አሰብኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሳምንት የቦርዱ ቅጽ መጣ። የቀድሞ አስተማሪዋ ስለ ችሎታዋና ስለ ጸባይዋ ትመስክር ይላል። ይህን ቅጽ ያወጡት የእኛን ልጆች ላለመቀበል እንዲህ ያለች አንዲት ሰበብ ፍለጋ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል? እያወቅሁ ነው የሰጠኋቸው። ያውም በቁም ጽሕፈት፣ አሳምሬ።

ኤርሊን ምን ብለሽ ጻፍሽ አለችኝ። የሚገባሽን አልኳት። ጥቁር ሰሌዳውን እያጸዳሁ ስለነበር ፖስታውን እንደተከፈተ ሰጠኋትና አሽጋ ፖስታ ቤት አደረሰችው። ከዚያ ወዲያ የሚስ ፕሩይትን ስም አንድም ቀን አላነሳችም። ከልቧ ወጣች ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ያሳይሽ።

የደብዳቤሽ መጨረሻ ነው የጣለኝ። ጠበቃው ሲጠይቃት «አስተማሪዬ እውነቷን ነው፣ ሒሳብ አይገባኝም» ብላ ድርቅ አለች፣ ከመቶ መቶ ስታመጣ የኖረች ልጅ ምን ነካት ብለሽ ጽፈሻል። አሥራ አንዱን ቀን ያነበብኩት እሱኑ ነው። ፖስታውን ክፍቱን መስጠቴም ያኔ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የስምንት ዓመት ውጤቷን በሙሉ ይዣለሁ። ጠበቃውን መጀመሪያ እኔን ይጥራኝ በይው፤ በገዛ እጄ እንደዋሸሁ ለዳኛው እናገራለሁ። ቤቴ ሳልደርስ ወሬው እኛ አገር ሹማምንት ዘንድ ቀድሞኝ ይደርሳል። አንድ አቤቱታ ላይ የፈረመውን አስተማሪ ከሥራ እንዳባረሩት ሰምተሻል። የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ትናንት ለፓስተሩ አስረክቤያለሁ።

ንስሐ ገባች ብለሽ ግን አትሸወጂ፤ ቅናቱ ከነነፍሱ አለ። ያቺ ሴት ኤርሊንን ከወደደቻት ያመኛል። ካልወደደቻት ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄጄ አንገቷን ነው የማንቃት።

ይህን ደብዳቤ ለልጅሽ አታንብቢላት፤ ከአፌ ትስማው። ምን ነካት ብለሽም አትጨቅጭቂያት። ኤርሊን ሒሳብ ትችላለች፣ እታለም። ማንበብም ትችላለች፤ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ጉልበትሽን ጌታ ይማርልሽ፤ ደጅሽን ይጠብቅ። እኔን ባትስሚኝም እሷን ሳሚልኝ።

እስከ ረቡዕ፣
ታናሽ እህትሽ