በፈረንጅ ፊደል የጻፍሽልኝ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሙንተሃ፣ ነፋስና ሣር ካለበት አገር፣

አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ ደህና አይደለሁም ብልሽ ደግሞ እናትሽ ጋ ደውለሽ ታስጨንቂያቸዋለሽ። ስለዚህ ስለ ጤናዬ አልጽፍም። ሱቁ ደህና ነው። ዝናቡ ከሰዓት ከሰዓት ይጥላል፣ በዓልም ስላልቀረበ ሰው መጋረጃ አይቀይርም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኛለሽ። ጉድ የሠራኝ ስልኩ ስለሆነ ነው። ይህን የምታደርስልሽ ኢየሩስ ናት፤ የሰፊያችን የብዙአየሁ የእህት ልጅ፣ እዚያው ኤድንብራ ያለ ወንድሟን ልትጠይቅ ትመጣለች። ደብዳቤውን የከተትኩት መጋረጃው እጥፋት ውስጥ ነው። መጋረጃውም ያንቺ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ የመኝታ ክፍልሽን መስኮት ባዶውን አየሁት። አሥራ ስድስት ዓመት ፒያሳ ላይ መጋረጃ የሸጠ ሰው የሚስቱ መስኮት ራቁቱን ሲያድር ምን ይባላል? «እዚህ ሰው ወደ ሰው መስኮት አያይም» አልሽኝ። እኔ ሰው የማያየው መስኮት እስካሁን አልገጠመኝም። ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ መርጬ፣ ገበር አስገብቼ አሰፋሁት። ብዙአየሁ «ጋሼ፣ ልጅቷ ያለችው ፀሐይ በሌለበት አገር ነው፣ ያቺኑ ትንሿንም ልትከለክላት ነው?» አለችኝ። ዝም ብለሽ ስፊ አልኳት። ልኩን በዓይኔ ነው የገመትኩት፣ ካጠረብሽ እንዳትታዘቢኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከትምህርትሽ በኋላ ሦስት ዓመት ጨምረሽ እዚያው ብትሠሪ ደስ ይለናል እንዳሉሽ የነገርሽኝ ግንቦት ላይ ነው። «እስከ ሐምሌ መጨረሻ መልስ እሰጣቸዋለሁ» አልሽና ዝም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። ቅሪም ነይም አላልኩሽም። መስከረም ላይ ትመጣለች እያልኩ አንድ ዓመት ቀን የቆጠርኩ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ መቁጠሩን ተውኩት። ይህን ሆኜ ነው እንግዲህ ያ ቅዳሜ የመጣው።

ሐምሌ 5 ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሱቅ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። አዲሱ ስልክሽ ያማርኛ ፊደል የለውም ብለሽ በፈረንጅ ፊደል ስትጽፊልኝ ከወር በላይ ሆኖሻል፤ እኔም እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው የማነበው። ያን ቀን ግን ለማንበብ አልተቸገርኩም። አንዲት ቃል ናት፣ ሁለት ጊዜ ተደጋግማለች። «መጣሁ! መጣሁ!»

ሙንተሃ፣ ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሱቁን ለብዙአየሁ ጥዬ፣ ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሰፈር እናትሽ ጋ በረርኩ። በር ላይ ሆኜ ነው የነገርኳቸው። እልል አሉ። «የሰኞና የሐሙሱ ጾሜ መሬት አልወደቀም» አሉና እጄን ይዘው አለቀሱ። ስመለስ መንገድ ላይ ነጭ ቀለም ገዛሁ። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዝናብ ያስገባው ጥቁር ነገር ነበር አይደል፣ እሱን ሳታይ ላጠፋው ነው።

ቀለሙን ባንኮኒው ሥር እንዳስቀመጥኩ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ፎቶው መጣ።

ፎቶውን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ ያየሁትን ግን አታውቂም። ሣር ላይ ቆመሻል። ስንት ዓመት ምንጣፍ ሸጫለሁ፣ እንደዚያ የተስተካከለ አልሸጥኩም። ያ ሁሉ ሣር ተዘርግቶ አንድ በግ አይታይበትም። ከኋላሽ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ መጨረሻ የሌለው ባሕር። በሁለት እጅሽ ቀጭን ዱላ ጨብጠሻል። ከጎንሽ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ያንኑ ዱላ ይዟል። ፊቱ አይታይም። አጎላሁት፣ አሁንም አይታይም። ብዙአየሁ «ጋሼ፣ ስልኩን ልትሰብረው ነው» እስክትለኝ ድረስ አጎላሁት። ከሥሩ የጻፍሽውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ከቃዲው ጋር። በሦስተኛው ጨረስኩ። ቃዲው እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ይሄን ባሕር ካየሁ በኋላ ሐይቃችን ኩሬ መሰለኝ።»

እስቲ ፍረጂኝ። ሰው ቃዲ ጋ ምን ይሠራል? ወይ ኒካህ ያስራል፣ ወይ ይፋታል። አንቺ እንደሆነ ኒካህሽ ከኔ ጋር ታስሯል። ሦስት ጊዜ ተብሎ የሚጨረስ ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የስምንት ሰዓቱን መጣሁንም መልሼ አነበብኩት፤ ለካ ተፋትታ ዕቃዋን ልትወስድ ነው የምትመጣው አልኩ። ደሜ ፈላ። አንድ ደንበኛ አምስት ሜትር ጨርቅ ቢለኝ አራት ቆረጥኩለት።

መግሪብ እንደተሰገደ ሼህ ኑሪን መስጊድ በር ላይ ያዝኳቸው። ስልኩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን እንጂ ጽሑፉን አላዩትም።

«ይሄ ቃዲ ለምን ባርኔጣ አደረገ?» አሉኝ።

«የፈረንጅ ቃዲ ይሆናላ።»

«ሦስት ጊዜ ፈታሁሽ የሚለው ባል ነው፤ ሚስት አይደለችም። አንተ ብለሃታል?»

«ኧረ አላልኩም። በአላህ ይሁንብኝ።»

«እንግዲያው እሷ ምንድነው የጨረሰችው?»

«እሱን እኮ ነው እርስዎን የምጠይቅዎት።»

ስልኩን መለሱልኝና «ልጄ ሙህዲን፣ ደውልላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ። መነጽራቸውን አጥፈው ሲሄዱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስቁ ነው።

ደወልኩ፤ እንዴት እንደጮህኩብሽ ታስታውሻለሽ። «ይህ ቃዲ ማነው?» ስልሽ መጀመሪያ አልገባሽም፣ ሲገባሽ ግን ትንፋሽሽ እስኪቆራረጥ ሳቅሽብኝ። ለካስ ካዲ ነው። የጎልፍ ተጫዋቾችን ተከትሎ የዱላ ቦርሳቸውን የሚሸከም፣ ነፋሱን አይቶ እንዲህ ምታ እንዲያ ምታ እያለ የሚመክር ሰው። የቤት አከራይሽ ወንድም ነው፤ አርባ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ እሷን ይዞ አንቺንም ጨምሮ ከተማውን ሊያሳይ ወሰዳችሁ። ሴንት አንድሩስ ትባላለች፣ የጎልፍ ተጫዋቾች መካቸው ናት ስትዪኝ አስተግፊሩላህ ብያለሁ። በሦስተኛው የጨረስሽውም ኳሷን በሦስተኛ ምት ጉድጓድ ማስገባቱን ነው። የፈረንጅ ፊደል «ካ»ና «ቃ»ን ስለማይለይ ትዳሬን አፍርሼ አሠርኩት ማለት ነው።

«ደግሞ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው» አልሽኝ፣ ይበርድለታል ብለሽ። አያቴ የመጨረሻዋን ሚስታቸውን ያገቡት በሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አልነገርኩሽም ነበር፣ አሁን ነገርኩሽ።

ቅናተኛ ነህ ትዪኛለሽ። አዎ፣ ቀንቻለሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም። ያ ሰውዬ፣ መሬቱ ለእርሻም ለቤትም የማይሆን አሸዋ ስለነበር ለበግ ግጦሽ እንደተተወ፣ በጎቹ ከነፋስ ሲሸሹ የተኙበት ጉድጓድ ዛሬ ኳስ የሚቀበርበት እንደሆነ አጫወተን አልሽኝ። ይህን ሁሉ እስኪያጫውትሽ ስንት ሰዓት ቆማችሁ ነው? እኔ ስደውል «ክፍል አለብኝ፣ ቶሎ በል» ነው የምትዪኝ። ስትስቂብኝ ደግሞ፣ ከጎንሽ ሌላ ሰው አብሮ ሲስቅ ሰምቻለሁ። የማን ሳቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ አሁንም አልጠይቅም።

ያናደደኝን ዋናውን ልንገርሽ። የፊት ጥርስሽን ጠርዙ ስለተሸረፈ አትወጂውም። ስትስቂ እጅሽ ቀድሞ አፍሽ ላይ ነው። የሠርጋችንን ፎቶ አውጥቼ አይቼዋለሁ፣ እዚያም ሸፍነሻል። በዚያ ፎቶ ላይ ግን ሁለት እጅሽ ዱላው ላይ ስለሆነ፣ አፍሽን ከፍተሽ፣ ጥርስሽ እስከነ ሽራፊው እየታየ ስቀሻል። ያ ሽማግሌ በአንድ ቀን ያየውን ሳቅ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጣቶችሽ መሃል ነው ያየሁት። እንዲህ ማማርሽን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ሐይቃችን ኩሬ መሰለኝ ያልሽው ደግሞ አልተዋጠልኝም። በማግሥቱ ፍቅር ሐይቅ ሄድኩ። ኩሬ ነው ወይ ብዬ ላይ። አባ ኮዳ ወፎቹ እንደ ጡረተኛ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ጀልባዎቹም ዝናብ ስለነበር ታስረዋል። ውሃውን ዳር ይዤ፣ መጀመሪያ እሺ ያልሽኝ ዛፍ ድረስ ተራመድኩ። ማዶው ይታያል። እንዳልሽው ነው፣ ማዶው ይታያል። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ሌላ ውሃ አላየሽም ነበርና «ይሄ ሁሉ ውሃ» ብለሽኝ ነበር። የሐይቅ ውሃ ላጥና ብላ የሄደች ልጅ ትልቁን ካየች ትንሹን ትንቃለች ብዬ መቼ አሰብኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ግን መንደርደሪያ ነው። አሁን ያልነገርኩሽን ልናገር።

ያን ቀን በስልክ፣ ሳቁ ካለቀ በኋላ፣ «ገና የመጀመሪያዋን ኳስ እንደመታሁ እኮ ነው ላንተ የጻፍኩልህ፤ አየኸው?» አልሽኝ።

«አየሁት» አልኩ።

«እንዴት እንደመታሁ! ሰውዬው ራሱ ገረመው።»

«ጎበዝ» አልኩሽ። ከዚያ ደንበኛ መጣ ብዬ ዘጋሁት። ደንበኛ አልመጣም። ሱቁን ዘግቼ እቤቴ ነበርኩ፣ ይዤው የገባሁት ቀለም ፊቴ ተቀምጧል።

ያቺ ፊደል «ታ»ና «ጣ»ንም አትለይም፣ ሙንተሃ። መታሁ ነው ያልሽው። እኔ መጣሁ ብዬ ነው ያነበብኩት። ከቃዲው ጋር የተሳሳትኩት ስለፈራሁ ነው፤ በዚህኛው የተሳሳትኩት ለምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። የፈራሁትን ጮኼ ጠየቅኩሽ፣ የተመኘሁትን ግን ዋጥ አድርጌ ጎበዝ አልኩሽ።

ግድግዳውን ቀብቼዋለሁ። ቀለሙ ተገዝቷል፣ ምን ላድርገው። ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት፣ ጥቁሩ ነገር ከሩቅ አይታይም። መስኮቱን ለካሁና ለሱም ጨርቅ ቆረጥኩ፤ የሚያሳልፈውን፣ ጠዋት ብርሃን ትወጃለሽ።

ያቺን ቃል ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ቅሪ ለማለት እጄ እምቢ አለኝ። ሌላኛዋን ደግሞ፣ እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ በኋላ፣ ለመጻፍ አፈርኩ። ስለዚህ አልጽፋትም። አንቺ ግን ወሩ ሳያልቅ የምትመልሺልኝን በስልክ አትጻፊው። ወረቀት ላይ፣ በእጅሽ፣ በኛ ፊደል ጻፊውና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ረጅም አይሁን። «ታ» ትሁን «ጣ»፣ ሁለተኛዋን ፊደል ብቻ ነው የምፈልገው።

የዚያን ሰውዬ ስም ጠይቄሽ አላውቅም፤ ሰላም በይልኝ። በነፋስ የሚመጣን ኳስ ካወቀ ነፋስ የወሰደውንም ያውቅ ይሆናል። ሻርብሽን አጥብቂ፣ ብርዱ እንዳይመታሽ። አላህ እግርሽ በረገጠበት ሁሉ ቀድሞሽ ይገኝ።

ጎበዝ ያለሽ ባልሽ፣
ሙህዲን

ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ ለእናትሽ እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም። በርበሬ አስፈጭተዋል፣ ለመናኸሪያ ሰው ሁሉ ልጄ መስከረም ትገባለች ብለዋል። ትናንት ስሄድ ያችኑ መልእክት እንደገና አንብብልኝ አሉኝ። በ«ጣ» አነበብኩላቸው፣ መጣሁ ብዬ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙኝ አየኋቸው። በሽማግሌውም በባሕሩም ቀንቼ ነበር፣ እንደሳቸው ግን በማንም አልቀናሁም።