የትራም አክሲዮኖችና የዱካሞ ወረቀት

እሑድ ጥር 18

ዛሬ አንድ አገኘሁ። የፈረስ ትራም ኩባንያ አክሲዮን፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ማኅተሙ ግን ደህና ነው። ሻጩ ሽማግሌ "ኩባንያው እኮ ከስሯል፤ ታውቃለህ?" አለኝ። ባይከስርማ መች እኔ እጅ ይገባ ነበር።

የአገሬ ልጅ ዱካሞ ከቸርች ቀጥታ መጥቶ ገበያውን አብሮኝ ዞረ። ሱቁን ለሚስቱ ለአማረች ትቶ፣ ከከተማው ውጭ ካለው ሰፈሩ ከኦሬንጅ ፋርም ሁለት ታክሲ ይዞ። "ጋሽ ታዬ፣ አርባ አራት የትራም ኩባንያ ይዘህ ሁሌ በእግርህ ነው የምትሄደው" ብሎ ሳቀብኝ።

ለምን እንደምሰበስብ ጠየቀኝ ደግሞ። ምን እላለሁ? የነዚህ ወረቀቶች ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። እንደ ጥገኝነት ወረቀታችን አሳድስ ብሎ የሚያሰልፈኝ የለም። አንዳንዴ ማታ አውጥቼ ሳያቸው ደረቴ ቀለል ይለኛል።

ማክሰኞ ጥር 20

ዝናብ። የምሠራበት ኮፒ ቤት ሰው የለም። አክሲዮኑን በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርጌ ካርቶን ጫንኩበት። የሱቁ ባለቤት ካሚል "ላሚኔት አድርገውና ተገላገል" አይለኝም? ተቆጣሁ። ፕላስቲክ በሙቀት አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ወረቀቱ እዚያው ሞተ ማለት ነው፤ ሰብሳቢ አይነካውም።

ዓርብ ጥር 23

ካሚል ጁምዓ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ዱካሞ በስብሶ ገባ። የጥገኝነት ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ረጥቦ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። "ኮፒ አንሣልኝ" ነው ያለኝ። ኮፒ ምን ያደርግልሃል፣ ፖሊስ ዋናውን አምጣ ነው የሚለው፣ አልኩና... ላሚኔት አደረግኩለት።

ዋናው ላሚኔት እንደማይደረግ አውቃለሁ። ለደንበኛ እምቢ እላለሁ እኮ። ግን ዝናቡ አላባራ አለ፣ እሱም ዕለት ዕለት ታክሲ ላይ ነው። አድርቄ፣ ጠርዙን ከርክሜ ሰጠሁት። "ሻርፕ ነው ጋሼ፣ አሪፍ ነው" አለ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ረቡዕ የካቲት 5

ዱካሞን ያዙት። መንገድ ዘግተው ታክሲ ሲፈትሹ። አማረች ናት የደወለችው። አንዱ ፖሊስ ፕላስቲኩን በጥፍሩ እየፋቀ "ይሄ ተነካክቷል፣ ፎርጅድ ነው" ብሎ አስወረደው አሉ። "ማን ነው እንዲህ ያደረገበት ጋሼ?" አለችኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሃሎ፣ ሃሎ አለች።

ሐሙስ የካቲት 6

የተበላሸ ኮፒ ላሚኔት አድርጌ በምላጭ ለመላጥ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ። ጽሑፉ ከፕላስቲኩ ጋር ይነሣል።

ቤት ገብቼ አክሲዮኖቹን አወጣሁ። ሁሉም ላላ ያለ ኪስ ውስጥ፣ አንዱም ሳይነካ። ለከሰረ ትራም ይሄን ያህል ተጠንቅቄ... አፈርኩ። ሳጥኑን አልጋ ሥር ገፋሁት።

እሑድ የካቲት 16

ስደተኞች የሚታሰሩበት ማቆያ ሄጄ ዱካሞን አየሁት። ጉንጩ ገብቷል። ገና ሳልቀመጥ "ትራም አገኘህ?" አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። "ራሴ ነኝ ያደረግኩት ብያቸዋለሁ። አንተንም ሱቁንም እንዳይነኩ። ተወው።"

ለአማረችስ ምን አላት? አልጠየቅኩትም። ለምን አልጠየቅኩም?

እሑድ የካቲት 23

ኦሬንጅ ፋርም፣ አማረች ሱቅ። ካርቶን አነሣሁላት፣ ዳቦ ቆጠርኩላት። ልነግራት ነበር። ሳውቦና ብሎ ሰላም የሚል ደንበኛ መጣ። ከዚያ ልጇ አለቀሰች። ሰበብ አይጠፋም። ምሳ አበላችኝ፣ በላሁ።

እሑድ የካቲት 30

እንደገና ሄድኩ። አልነገርኳትም።

ሐሙስ መጋቢት 4

ዱካሞ አገሬ መልሱኝ ብሎ ፈርሞ ተመለሰ። ጠበቃው ሁለት ወር ታገሥ ብሎት ነበር፤ ከዚህ በላይ አልችልም ብሎ ፈረመ። አሁን አገሩ ሆሳዕና ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ለፍቶ ሁለት ሸሚዝ ይዞ ገባ። ልጁን ሳይስም።

የገበያው ሽማግሌ ደወለ። የኪምበርሊ ከተማ ትራም አክሲዮን አለኝ፣ ልያዝልህ? አለኝ። አትያዝልኝ አልኩት።

እሑድ መጋቢት 14

ነገርኳት።

ሳሙና እየደረደረች ነበር። "እኔ ነኝ ላሚኔት ያደረግኩት። እሱ ኮፒ ነበር የጠየቀኝ" አልኳት። እጇ አላቆመም።

"አውቃለሁ ጋሼ። ማቆያው ሄጄ መጀመሪያ ባየሁት ቀን ነግሮኛል። አትጠይቂው፣ ጋሽ ታዬ ራሱ ይነግርሻል አለኝ።"

ወለሉ ላይ የነበረውን የሳሙና ካርቶን አንሥቼ አቀረብኩላት።

"በደወለ ቁጥር ነገረሽ ወይ ይለኛል። ገና ነው ስለው፣ ይነግርሻል ቆይ፣ እሱ የሚደብቅ ሰው አይደለም ይላል። ከሆሳዕናም እንዲሁ ነው የሚለኝ።" የመጨረሻዋን ሳሙና አስቀምጣ ዞረች። "ዛሬ ሲደውል ነገረኝ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። አንተ ግን ሁለተኛ እዚህ አትምጣ።"

እሺ አልኳት። ታክሲው እስኪሞላ ብዙ ቆየ።