የጋሼ ቀጤ የሕይወት ታሪክ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከኖሯቸው ዓመታት ጋር

ወንድሜ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስምንት ልጆች ሁለተኛው እሳቸው፣ መጨረሻዋ እኔ ነኝ። ይህን በቀብራቸው ላይ የማነበውን ጽሑፍ «ለተማረ ሰው ስጪው» ተብዬ ነበር፤ እምቢ ብያለሁ።

በልጅነታቸው ከሰል ካገኙ ግድግዳ አይቀራቸውም። እናታችን «አንተ ልጅ፣ ቤቱን ጋዜጣ አደረግከው!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። አንዷን ጽሑፍ ግን እናታችን ራሳቸው ሳያጠፉ ትተዋት እንግዳ ሲመጣ ያሳዩ ነበር።

ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው ታፔላ መጻፍ ያዙ። መሰላል ላይ ወጥተው፣ ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ወጥረው ጧ ሲያደርጉት መስመሩ ቀጥ ይላል። ሰፈሩ «ጋሼ ቀጤ» ያላቸው ለዚህ ነው። ያኔ ከዳቦ ቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ የሚነበበው ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያ እንጂ ትምህርት ቤትስ ብዙም አልቆየሁ።

በ1978 ዓ.ም. የአንዲት ፀጉር ሠሪ ታፔላ ሊጽፉ ሄዱ። ታፔላውን ሦስት ጊዜ አደሱት፤ ቀለሙ ለቆ ግን አልነበረም። ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ2011 ዓ.ም. ሳል አልለቅ ብሏቸው የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸውና በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። ሐኪሟ «ያየነውን አውጥተናል፤ ያላየነው ቅንጣት ግን ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እሱን አሳድዶ የሚይዘው የራስዎ በሽታ ተከላካይ ነው» አሏቸው። ችግሩ፣ ወንድሜ ለጣታቸው ቁርጥማት የሚወስዱት ክኒን ይህንኑ ተከላካይ የሚያስተኛ ነበር። አሁን የሚታዘዘው መርፌ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰ ተከላካይ ጣታቸውንም ጠላት ነው ብሎ ሊነሳበት ይችላል። ሐኪሟ «ካንሰሩ ላለመመለሱ ዋስትናም አልሰጥዎትም» አሉ።

ወንድሜ እጃቸውን አገላብጠው አዩና «እነዚህ ሠርተውልኛል። ክኒኑ ይቅርና መርፌውን ስጡኝ» አሉ።

እንደተፈራውም ጣቶቻቸው አብጠው አልታጠፍ አሉ። ብሩሽ መያዝ ቀርቶ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት እየቆለፉላቸው «አንተ ሰውዬ፣ ድሮ መሰላል ላይ ነበርክ፤ ያገባሁህ ገና አሁን ነው» ይሏቸዋል። «ዘግይተሻል፣ አርጅቻለሁ» ይሉ ነበር እሳቸውም። ሲሠሩ ቃል የማይወጣቸው ሰው፣ ያን ጊዜ ጨዋታቸው አያልቅም ነበር። ታላቋን ልጃቸውን ዳሩ። የልጅ ልጃቸውን በክርናቸው አቅፈው አስተኙ።

በአምስተኛው ዓመት ካንሰሩ ተመለሰ። ሐኪሟ እንዳሉት ከተከላካዩ መደበቂያ አግኝቶ ነበር። ወንድሜ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገብ ዐረፉ።

ትናንት አንድ ሰው «እጃቸውንም ነፍሳቸውንም አጡ፤ ምን ተረፋቸው?» ሲል ሰምቼዋለሁ። እዚህ ካለ ይስማኝ፤ እነዚያ ዓመታት ናቸው የተረፏቸው። ባለቤታቸውን ጠይቁ፣ አንዱንም ቀን በብሩሽ አይለውጡትም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኛ እህትና ወንድሞቻቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደህና ይቀበልልን፤ ለእኛም ከቤታችን ሰው ጋር ቁጭ ብለን የምንጫወትበት ዕድሜ ይስጠን።