ድምፁን አጥፍተህ ለእማዬ አሳያት

ይድረስ በልጅነቴ አፌን በመዳፍህ አፍነህ ስንት ሠርግ ከጥፋት ላዳንከው፣ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ራስ ምታቱ ተወህ ወይስ አሁንም ግንባርህን በሻሽ ጠፍረህ ትውላለህ? የእማዬ ጉልበትስ? ደረጃውን መውጣት ጀመረች ወይስ እንደ ድሮዋ ከታች ሆና ትእዛዝ ታስተላልፋለች? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ልጆቹስ? ጣሪያውስ አሁንም ያፈሳል? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ውጪ የሆንኩትን ለራሴም አላወቅሁትም፤ ምናልባት አንተ ብታውቅልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እንደምታውቀው እዚህ ሰው አገር፣ በቲያትር ቤቱ ምድር ቤት ልብስ እተኩሳለሁ። ክፍላችን መስኮት የላትም፤ ያላት ሁለት ካውያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እንፋሎትና አለቃዬ ናቸው። አለቃዬ መርፌ ከአፋቸው የማይለዩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ወረቀት ያልነበረኝን ሰው ‘እጇን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል’ ብለው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከራሳችን በላይ መድረኩ ላይ አገሩ ሁሉ የሚሳሳለት ዘፋኝ ይዘፍናል። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ሸሚዙን እተኩሳለሁ፤ እንዲህ ተከባብረን፣ ሳንተያይ ዓመታት ኖርን።

ባለፈው ወር ታዲያ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ስለ ሙያው ሲጠይቁት፣ ‘እኔ ዕድሜ ልኬን ጉሮሮዬን ስገራ ኖርኩ፤ ጥቁሮች ምን አለባቸው! ዜማ በደማቸው ነው፤ መማር አያስፈልጋቸውም፣ እየዘፈኑ ነው የሚወለዱት’ አለ። እውነቱን ልንገርህ? እኔ ሳቄ ነው የመጣው። የትምህርት ቤቱን መዘምራን ስታሠለጥን ‘አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ’ ያልከኝ አንተው አይደለህ? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ዘፈን ትችያለሽ አለኝ፤ እሱም ሳያውቀኝ፣ በጅምላ።

አገሩ ግን አልሳቀም። ትናንት ትኬት ፍለጋ የተጋፋበትን በር ዛሬ ሊሰብረው ተጋፋበት። ፖስተሩ ተቀደደ፤ ፎቶው ላይ ቀለም ተደፋ። በሕንፃው ውስጥ ያለሁት ጥቁር ደግሞ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሐዘኑ ሁሉ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ስሜን የማያውቁ ሰዎች ካውያዬን እያስቀመጡ አቀፉኝ። ትኬት ቆራጯ ‘እንዴት ቻልሽው?’ ብላ ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም አይዞሽ፣ ያልፋል እያልኩ እንባዋን ጠረግሁላት። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ግራ ገባኝ። በዚህ መሀል አንድ ቀሚስ አሳረርኩ፤ በዚያን ሰሞን ግን የሚቆጣኝ አልተገኘም።

ስድብ ይሁን ምርቃት ስላልለየልኝ የአገራችንን ልጅ፣ ባለታክሲውን ጠየቅሁት። መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ‘አንቺ ጅል! እሱ ሲዘፍን ሥራ ነው፣ ጥበብ ነው፤ እኛ ስንዘፍን ግን እንደ ወፍ ነው ማለቱ እኮ ነው። ወፍን ደግሞ ማን ደሞዝ ይከፍላታል?’ አለኝ። አሃ፣ ገባኝ። ተናደድኩም። ንዴቴን ይዤ ሥራ ስገባ ግን ሥራ አስኪያጁ ክፍላችን ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝና የገባኝ ሁሉ መልሶ ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርዒቱ ከተሰረዘ ቲያትር ቤቱ ይዘጋል፤ መጀመሪያ የሚበተነውም የእኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ዘፋኙ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ በጥቁር ሕዝብ ስም ይቅር እለውና አብረን እንዘፍናለን! ጥቁር ሕዝብ መቼ ተሰብስቦ እንደወከለኝ ብጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። ኧረ እኔ ዘፈን አልችልም ስለው ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ይዞ ‘ትሕትናዋን አያችሁ!’ አለ። እሺ፣ መቼ ነው የምንለማመደው? አልኩት። ‘ለእናንተ ደግሞ ልምምድ ምን ያደርግላችኋል!’ ካለ በኋላ አፉን በሁለት እጁ ያዘና ወደ በሩ ተገላመጠ። ከእኛና ከካውያው በቀር የሰማው አልነበረም። አለቃዬ መርፌያቸው ውስጥ ክር ሊያስገቡ ሦስት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። ክሩን ተቀብዬ አስገባሁላቸውና እሺ አልኩ።

ባለታክሲው ሲሰማ ‘ይቅር ካልሽው በእኔ መኪና አትሳፈሪም’ አለ። በእግሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዘፋኙ ሌላ ሰው የጻፈለትን ይቅርታ አነበበ፤ እጄን ያዘ፤ ፒያኖው ጀመረ፤ እኔም አፌን ከፈትኩ። ወንድም ጋሼ፣ የወጣውን አንተ ታውቀዋለህ። በትልቋ እህታችን ሠርግ ላይ ሙሽራው ‘እባካችሁ ያንን በር ዘይት ቀቡት’ ያለለት ያው ድምፅ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ሊደርስብኝ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ሮጦ ሲያቅተው እጁን ሰበሰበ። ስጨርስ፣ በቃ፣ አለቀልን፣ አለቃዬን አስበላኋቸው አልኩ።

ሕዝቡ ግን ብድግ አለ! አጨበጨበ! ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ‘ይህ ድምፅ ከሺህ ዓመት መከራ ውስጥ የወጣ ነው’ እያሉ አነቡ። በማግስቱ ጋዜጣው ‘ትምህርት ያላበላሸው ጉሮሮ’ ብሎ ጻፈልኝ። ዘፋኙን ያስወገዘው ቃል ይኸው ራሱ አልነበረም እንዴ? እስቲ አንተ አንብበህ ለይልኝ። ባለታክሲው ጥሩምባውን እየነፋ መጥቶ ‘አሳየሻቸው!’ ብሎ በነፃ ወደ ቤቴ አደረሰኝ። ምኑን እንዳሳየኋቸው እስካሁን አልነገረኝም።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ፊቱ የተጨማደደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዘፋኙ። ከመጋረጃው ኋላ ጠጋ ብሎ ‘አንቺ ሴት፣ አንቺ እኮ ድምፅም የለሽ፣ ጆሮም የለሽ’ አለኝ። የለኝም፣ ነግሬያቸው ነበር አልኩት። ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ‘ለካ ተሳስቼ ኖሯል’ አለ። አንጀቴን አራሰው! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ የሰማኝ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልወደው ጥቂት ሲቀረኝ፣ ታዲያ አስቀድመህ ብትጠይቀኝስ? ይኸን ሁሉ ዓመት ሸሚዝህን ስተኩስልህ አልነበር? አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ‘ሸሚዜን የምትተኩሺው አንቺ ነሽ እንዴ?’ አይለኝ መሰለህ! መልሼ ተናደድኩ። እንዲህ እየወደድኩና እየተናደድኩ ቤቴ ገባሁ፤ አሁንም የቱ ላይ እንዳለሁ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። የእሱን ስም ከፖስተሩ ፍቀው የእኔን ሊጽፉ ነው፤ በቦታው ልዘፍን። እምቢ ካልኩ መድረኩ ይዘጋል ይላሉ። አለቃዬ የመድረክ ቀሚሴን ሊለኩኝ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እየተከተሉኝ ነው። አስቤ አስቤ፣ እሺ፣ ግን እንደ ማንኛውም ዘፋኝ መጀመሪያ አስተማሪ ቅጠሩልኝ፣ ልማር አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ክው አለ። ‘መማር? ኧረ እንዳታበላሺው!’ ብሎ ለመነኝ። እኔም ሳልማር ወይ ፍንክች ብዬ ካውያዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አለቃዬ ሰምተው መርፌውን ከአፋቸው አወጡና ‘ደግ አደረግሽ’ አሉኝ፤ ሜትሩን ግን አላወረዱትም።

ስለዚህ አደራህን፣ ‘ይህች እህቴ ዘፈን ፈጽሞ አትችልም፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ምስክር ነኝ’ ብለህ፣ የመዘምራን አሠልጣኝ መሆንህን ገልጸህ፣ በፊርማህ ቶሎ ላክልኝ። እኔ በአፌ ብነግራቸው ትሕትና ነው ይሉኛል። ከቻልክ ከሠርጉ ሙሽራም አስፈርምበት፤ ደስ ብሎት ነው የሚፈርመው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ለነገረኛው ልጅህ፣ አክስትህ ታዋቂ ሆናለች ብሎ በየሰፈሩ እንዳያወራ ንገርልኝ። ድንቡሼዋን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። ለትልቋ እህታችንና ለባሏ፣ በሩን ዘይት ቀቡት እንዴ? በልልኝ።

የቅዳሜው ማታ ቪዲዮ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። ለእማዬ ድምፁን አጥፍተህ አሳያት። ልጇ መብራት በርቶላት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ሲልላት ትይ፤ ደስ ይበላት። ምን ዘፈነች ብላ ከጠየቀችህ ከንፈሯን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው በላት።

እህትህ

ከምድር ቤት፣ ከካውያው አጠገብ
ጥር ፱ ቀን፣ ከሥራ በፊት