ከሆድ በኩል ብቻ

ውድ አባባ፣

ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ጉልበትዎ ብቻ ጠይቄ የዘጋሁት በጤናዬ አይደለም። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ይመለስብኛል። ሥራ ቦታም መቀመጥ አቅቶኛል፤ ቀጣዩ ታካሚ እስኪገባ ኮሪደሩን ስዞር እውላለሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

ባለፈው ወር ሽንት ቶሎ ቶሎ እያስነሳዎት እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥተው አልነበር? የደም ምርመራዎ ደህና ሆነ። ለአልትራሳውንድ ሲገቡ ግን እኔ "የምደውልለት ሰው አለ" ብዬ ወጣሁ። የምደውልለት ሰው አልነበረም። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ በደንብ የሚታየው በመቀመጫ በኩል በሚገባ መመርመሪያ ነው፤ አባቴን እንዲያ ለማየት አፈርኩ። በየቀኑ የሰው አባት የምመረምር ሴትዮ! «ዝምታው» እያልን ለምንጠራው ባልደረባዬ ትቼዎት ሄድኩ። በአምስት ደቂቃ ወጥተው "ሞተሩ ገና አዲስ ነው ተብሏል" ሲሉ፣ በዚያ የሾፌር ቀልድዎ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሐሙስ ዕለት የማሽኑ ሜሞሪ ሞልቶ ሳጸዳ የእርስዎን ምስሎች አገኘሁ። ሁሉም ከሆድ በኩል የተነሱ ናቸው። በዚያ በኩል የዕጢው ጀርባ በቅጡ አይታይም። «ዝምታው»ን ሄጄ ያዝኩት።

"በውስጥ ለምን አላየሃቸውም?"

"ያንቺ አባት አይደሉ እንዴ? እንዴት ብዬ ሱሪዎን ያውልቁ ልበላቸው!"

እሱ አከበረዎት፣ እኔ አፈርኩ፤ በመሃል እርስዎ ሳይታዩ ቀሩ።

አንዱ ምስል ጠርዝ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች። ለክፍላችን ዶክተር አሳየኋት። "ምንም ላይሆን ይችላል" አለችኝ፤ "ግን ደም ላይ የማይታይ፣ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም የካንሰር ዓይነት አለ። እሱ ከሆነ ሳያድግ መያዝ አለብን። ቶሎ ይምጡ።" ፈርቻለሁ አባባ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ተራ ይዤልዎታለሁ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ይጨንቃል እንጂ ብዙ አያምም። "እኔ ምን ሆኜ!" እንደሚሉ አውቃለሁ። መመርመሪያውን ዶክተሯ ትይዛለች፤ እኔ ግን በዚህ ጊዜ ከክፍሉ አልወጣም። እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ እኔ ወደ ስክሪኑ።

ከፈለጉ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን ይቆጡኝ። ዕድሜው ብቻ ይርዘምልኝ።

ሰኞን መጠበቅ ያቃታት ልጅዎ