ሸራ የሌለው መርከብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሙቀቱ ጠንክሯል። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ኢድሪስ ከቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ጠራኝ። ያ የጠፈር መርከብ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ መጥቷል… ቅዳሜ፣ የፊልሙ ድምፅ ተዘግቶ፣ ማይክ ይዤ በአማርኛ እንድተረጉም ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስሠራ፣ የድሮውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አበዛሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። በድሮው ፊልም መርከቡ የፀሐይ ብርሃን በሸራ እየያዘ አርባ ዓመት ይጓዛል፤ ሰዎቹ ውስጡ ያረጃሉ። ቤት ገብተንም የምናወራው ስለዚያ ሸራ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ቤቱ ሞላ። አዲሱ መርከብ ብልጭ ይላል፣ ደርሷል። ከዚያ ተኩስ ብቻ። እንዴት ደረሰ? የሚናገር የለም። አላስቻለኝም። "ሸራውን ዘረጉ፣ አርባ ዓመት ተጓዙ" አልኩ።

ዓሣ የምትሸጠው አቻን ከኋላ፣ "ጋሼ፣ ሸራው የታለ? አሁን ተነሱ፣ አሁን ደረሱ። አርባ ዓመት ከየት መጣ?"

ሳቁ… እኔ ግን ቀጠልኩ። ግማሹ ሰው ወጣ።

ኢድሪስ ተናደደ። "ጋሽ ዘውዱ፣ ሰው የሚመጣው ለተኩሱ ነው። የሚታየውን ካልተረጎሙ ሌላ እፈልጋለሁ።"

"እኔ እሻላለሁ" አለች አቻን።

"እንግዲያው ነይና ሞክሪ" አላት ኢድሪስ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቅዳሴ መልስ አሰብኩት። የሌለውን አለ ማለት ውሸት አይደለም? ለማን ነበር የተረጎምኩት? ለተቀመጡት አይደለም… ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ። ማይኩን ግን ማጣት አልፈልግም። ያለ ቅዳሜ ሳምንቱ ምን አለው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ኢድሪስን ለመንኩት። አንዴ ብቻ፣ ከአቻን ጋር። እሷ ሴቷን ካፒቴን፣ እኔ የቀሩትን። እሺ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቆሞ ያየም አለ። የሚታየውን ብቻ ተረጎምኩ። ተኩሱንም፣ "ድው ድው" እያልኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። መርከቡ ብልጭ ሲል ባጃጅ ነጂው ኦኬሎ፣ "ጋሼ፣ በምንድን ነው የሚሄደው?" አለ። መልሱ አፌ ላይ ደረሰ… ዋጥኩት።

አቻን ማይኩን ወሰደች። "ካፒቴኗ እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቅ። ያንተም ባጃጅ በምን እንደሚሄድ አላውቅም። እሳፈራለሁ፣ እወርዳለሁ።"

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነው? የጠላት አለቃ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለውም። ለካ ተራው የኔ ኖሯል… ኢድሪስ በክርኑ ጎሸመኝ።