ከወንድማቸው ጀርባ የተቀመጡት እንደራሴ

አቶ ናቡአካ ተካይ ከአባታቸው ከአቶ ተካይ ኢዮቴባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲሪቦ በጥር 1951 በኪሪባቲ፣ በኑካቴቱ ደሴት፣ ቡዋኪ መንደር ተወለዱ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዋና ከተማችን ታራዋ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1972 ወደ መንደራቸው ተመለሱና አስተማሩ። በ1976 ወይዘሮ ሮቲያን አግብተው አራት ልጆች አፍርተዋል። አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1983 ደሴቲቱን ወክለው ፓርላማ ገቡ። እዚያ ያደረጉትን ንግግር ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ረጅም ነው።

በ1986 ቡዋኪን ከጎረቤት ደሴት የሚለየው የባሕር መተላለፊያ በድንጋይ ተሞልቶ መንገድ እንዲሠራበት ታቀደ። መተላለፊያው ከተዘጋ ዓሣ ከውቅያኖሱ ደሴቶቹ ወደከበቡት ውስጠኛ ባሕር መግባቱ ይቀራል። አቶ ናቡአካ በምትኩ ድልድይ እንዲሠራ ፓርላማውን አሳመኑ። የሽማግሌዎቻችን ፈቃድ ብቻ ቀረ። ድንጋይ የጫነው መርከብ ግን ደርሶ ነበር።

አቶ ናቡአካ ቸኩለው ሽማግሌዎቹ ወደተሰበሰቡበት የመንደሩ አዳራሽ ገቡና ከመንግሥት ሰዎች ጋር በእንግዶች ቦታ ተቀመጡ። በአዳራሻችን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቦታ አለው። እንግዳ ይበላል፣ ይመሰገናል፤ በመንደሩ ጉዳይ ግን አይናገርም። ሊናገሩ ሲነሡ፣ በቤተሰቡ ቦታ የተቀመጡት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ቢሪቦ፣ «ክቡር እንግዳችን፣ ዓሣው አጥንት አለው፤ እየበሉ አያውሩ!» አሏቸው። አዳራሹ ሳቀ።

«ጋሼ፣ መርከቡ እኮ ድንጋዩን ሊያራግፍ ነው!»

«ለእንግዳው ኮኮናት ጨምሩላቸው እንጂ!»

አቶ ናቡአካ ገባቸው። ሳህናቸውን አስቀምጠው፣ ከነክራቫታቸው ጎንበስ ብለው አዳራሹን ተሻገሩና ከወንድማቸው ጀርባ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አቶ ቢሪቦም ዞር ብለው፣ «አሁን ገና መጣህ። በል፣ ምንድን ነው?» አሏቸው። በቤተሰቡ ስም የሚናገረው ታላቅ ስለሆነ፣ እንደራሴው በጆሯቸው እየነገሯቸው አቶ ቢሪቦ ለሽማግሌዎቹ አስረዱ። ሽማግሌዎቹ ድልድዩ እስኪሠራ ለመጠበቅ ተስማሙ፤ መርከቡም ድንጋዩን እንደጫነ ተመለሰ።

ድልድዩ ስለዘገየ አቶ ናቡአካ በቀጣዩ ምርጫ ተሸነፉ። አልተቆጩም፤ ወደ ማስተማር ተመልሰው እስከ ጡረታ ሠሩ።

በስኳር በሽታ ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2024 በ73 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ላስታመማችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ዛሬ ከቀብር በኋላ የምንበላው ዓሣ የቡዋኪ ሰዎች ትናንት ከውስጠኛው ባሕር ያጠመዱት ነው። ስለዚህም አቶ ናቡአካን እናመሰግናቸዋለን። ባሕሩን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናን።